«ጊፍት»፦ አንዱ ጋ ስጦታ፣ ሌላው ጋ መርዝ፣ ሌላው ጋ ጋብቻ

ጥር ሲመጣ አዲስ አበባ ውስጥ ጊፍት ሾፖች ሥራ ይበዛባቸዋል። የሠርግ ወር ነው፤ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መሄድ አይወድም። «ጊፍት» እንግሊዝኛ መሆኑን እስክንረሳው ድረስ ለምደነዋል። «ጊፍት ገዛሽ?» ሲባል ማንም ትርጉም አይጠይቅም።

ይህንኑ ቃል ይዘን ፍራንክፈርት እንሂድ። የአንድ መኖሪያ ሕንፃ ግቢ ውስጥ፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ፣ ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ተቀምጧል። ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ክዳኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ፎርዚኽት ጊፍት» ይላል። «ፎርዚኽት» ተጠንቀቅ ማለት ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው «ተጠንቀቅ፣ ስጦታ» ብሎ ያነበዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ ነው። በዛሬው ጀርመንኛ «ጊፍት» ማለት መርዝ ነው።

ከዚያ ወደ ስቶክሆልም እንለፍ። አዲስ የገባ ሰው ፎርም እየሞላ ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ። ቀጥሎ ምልክት የሚደረግባቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። አንዱ አጠገብ ያው ቃል፣ በያው አራት ፊደል ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ትርጉሙ «ያገባ» ነው። ያላገባ ሰው ደግሞ ከፊቱ «ኡ» የተጨመረበትን ይመርጣል።

ስጦታ፣ መርዝ፣ ትዳር። «ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአጋጣሚ ተመሳስለው ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየቋንቋው ሞልቷል። እነዚህ ግን አንድ ቃል ናቸው። ከአንድ እናት ተወልደው የየቅል ቤት ያደጉ ልጆች በሏቸው። መለያየታቸው ያስገርማል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ቃሉ የሄደባቸው መንገዶች ሁሉ አማርኛም የሄደባቸው ናቸው። ለዚህ ነው ታሪኩን ለአማርኛ አንባቢ መንገር የምወደው። ሌላው ሲሰማው እንግዳ የሚሆንበትን እኛ ከቤታችን እናውቀዋለን።

ከግሡ እንጀምር። እንግሊዝኛ «ጊቭ»፣ ጀርመንኛ «ጌበን»፣ ሆላንድኛ «ኼቨን» ይላሉ። ሁሉም «ሰጠ» ነው። እነዚህ ቋንቋዎች ጀርመናዊ የሚባል የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የእኛን ግዕዝ፣ ትግርኛና አማርኛ ዝምድና አስቡት። ጥንት ከግሥ ስም ሲያወጡ መጨረሻው ላይ «ት» የሚጨምሩበት መንገድ ነበራቸው። በዚህ መንገድ እንግሊዝኛ ከ«ድራይቭ»፣ ነዳ ከሚለው፣ «ድሪፍት»ን ሠርቷል። ነፋስ ወይም ውኃ እየነዳ የሚወስደው ነገር ማለት ነው። በዚሁ ስልት ከ«ሰጠ» የወጣው ስም «ጊፍት» ነው። እኛ ከ«ሰጠ» «ስጦታ» እንደምናወጣው።

ስለዚህ የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም በጣም ሰፊ ነበር። መስጠት፣ ወይም የተሰጠ ነገር። በቃ። ማን ሰጠ፣ ለማን ሰጠ፣ ምን ሰጠ፣ ቃሉ አይናገርም። እያንዳንዱ ሕዝብ ያንን ባዶ ቦታ በራሱ ነገር ሞላው።

ልጄን ሰጠሁ

ሽማግሌዎች ሲላኩ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ገብተው፣ ቆመው ይጠብቃሉ። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳይ አለን» ይላሉ። ከዚያ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ብለን መጥተናል» ይላሉ። አባት ብዙ ጊዜ ዕለቱን አይመልስም። «ተመካክረን» ብሎ ይቀጥራል። ሲፈቅድ ግን «ሰጥቻለሁ» ይላል። «እገሌ ልጁን ለእገሌ ሰጠ» ስንል ስለ ትዳር እንደምናወራ ማንም አይስተውም። ግሡ ብቻውን ጋብቻን ይሸከማል።

የሰሜን አውሮፓም ሰው እንደዚሁ ነበር። በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ፣ ማለት ቫይኪንጎች በሚናገሩት፣ «ጊፕታ» ልጅን ለባል መስጠት፣ መዳር ማለት ነው። የተዳረችው ልጅ «የተሰጠች» ተባለች። የዛሬው የስዊድን፣ የዴንማርክና የኖርዌይ «ያገባ» የመጣው ከዚህ ነው። ቃሉ ሲጀመር የሴቷ ነበር፤ የምትሰጠው እሷ ናትና። ዛሬ ወንዱም ሴቷም እኩል ይሉታል። እንዲያውም ስዊድንኛ «አገባ» ለማለት «ዪፍታ ሴይ» ይላል። ቃል በቃል ሲፈታ «ራሱን ሰጠ» ነው። አባት ይሰጥ የነበረውን ዛሬ ሰው ራሱ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የቤተሰብ ታሪክ አንዲት ግሥ ውስጥ ተቀምጧል።

የጥንቱ እንግሊዝኛም ቃሉን ሲጠቀምበት መጀመሪያ የምናገኘው ሠርግ ቤት ነው። ያኔ ቃሉ ወንዱ ለሚያገባት ሴት የሚሰጠውን ነገር ይጠራ ነበር። በብዙ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ሠርጉ ራሱ ማለት ነው። የልደት ስጦታ፣ የምርቃት ስጦታ የሚለው ሰፊ ትርጉም በኋላ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ የአንድ ሮማዊ ምስክርነት አለን። ታኪቱስ እ.ኤ.አ. በ98 ስለ ጀርመናዊ ነገዶች ሲጽፍ፣ በእነሱ ዘንድ ጥሎሹን የሚያመጣው ወንዱ መሆኑን እንደ ልዩ ነገር አንስቶታል። ሮማውያን ጋ ሴቷ ነበረች ይዛ የምትሄደው። የዘረዘራቸው ስጦታዎች ጌጥና ሽቶ አይደሉም። በሬዎች፣ ልጓም የገባለት ፈረስ፣ ጋሻ፣ ጦርና ሰይፍ ናቸው። ለሮማ አንባቢ እንግዳ የሆነው ነገር ጥሎሽ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም።

ጀርመንኛም ይህን የጋብቻ ትርጉም ጨርሶ አልጣለውም። ልጅቷ ከቤቷ ይዛ የምትሄደው ሀብት እስከ ዛሬ «ሚትጊፍት» ይባላል። «ሚት» ከእሷ ጋር ማለት ነው፤ አብሮ የሚሰጥ። እዚህ ቃል ውስጥ መርዝ የለም። ሌላ ደግሞ ላሳያችሁ። ጀርመንኛ ውስጥ ስሞች ሦስት ዓይነት ጾታ አላቸው። መርዝ የሆነው «ጊፍት» ዛሬ ወንድም ሴትም ያልሆነውን ይዟል። «ሚትጊፍት» ግን እስከ አሁን ሴት ናት። «ጊፍት» መስጠት በነበረበት ዘመን ሴት ነበረች፤ ይቺ ያን ዘመን ይዛ ቀርታለች። አሮጌ ቤት ፈርሶ አንድ ግድግዳ ብቻውን ቆሞ እንደሚቀረው ነው።

መስጠት እንዴት መርዝ ሆነ?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይሄንን ነው። መልሱ የሚጀምረው ከሐኪም ቤት ነው።

የጥንት ግሪኮች «ሰጠ» ከሚለው ግሣቸው «ዶሲስ» የሚል ስም ነበራቸው። መስጠት ማለት ነው፤ ልክ እንደ «ጊፍት»። ሐኪሞቻቸው ይህንን ቃል ለሕመምተኛ በአንድ ጊዜ ለሚሰጥ መድኃኒት አዋሉት። ስንት ተሰጠው? ይህን ያህል። የእኛ ፋርማሲዎች «ዶዙ» የሚሉት ይህ ቃል ነው። ግሪኮች ራሳቸው ዛሬም ፍሪጅ ወይም አልጋ በየወሩ እየከፈሉ ሲገዙ የሚከፍሉትን «ዶሲ» ይሉታል። በየጊዜው የሚሰጥ ነውና።

ቃሉ ከግሪክ ወደ ላቲን ገባ። ላቲን ደግሞ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሕክምና ቋንቋ ነበር። ጀርመኖች ያንን «ዶሲስ» በራሳቸው ቋንቋ ሊሉት ሲፈልጉ ቃል በቃል ተረጎሙት። መስጠት፣ የተሰጠ፤ «ጊፍት»። የቃላት ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የመርዙን ትርጉም የሚያያይዙት ከዚህ ጋር ነው። ለአንድ ሰው የተሰጠ ነገር፣ ቀጥሎ የተሰጠ መድኃኒት፣ ቀጥሎ የተሰጠ መጥፎ ነገር።

የመጨረሻዋ እርምጃ ሩቅ ትመስላለች። ግን እኛስ እንዴት ነው የምናወራው? አንድ ሰው በድንገት ጠባዩ ሲለወጥ፣ ለአንዲት ሴት ብቻ ሲታዘዝ፣ ጎረቤት «ምን አቅምሳው ነው?» ይላል። ምን እንዳቀመሰችው አይጠራም። «አስነክታዋለች» ይባላል። ምኑን እንዳስነካች መናገር አያስፈልግም። አስፈሪ ነገር በስሙ አይጠራም፤ ሰው ለስላሳና ሰፊ ቃል ፈልጎ ዙሪያውን ይሄዳል። «ሞተ» ላለማለት «አረፈ» እንደምንለው። ጀርመኖችም «ተሰጠው» አሉ። ብዙ ጊዜ ሲባል ያ ለስላሳ ቃል ራሱ የአስፈሪው ነገር ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም ስጦታውን በዚያ ስም ሊጠራ አልደፈረም።

የድሮው የመርዝ ስም የት ገባ ብትሉ፣ አለ። የአይስላንድ ሰዎች እስከ ዛሬ መርዝን «ኤይቱር» ይሉታል። ስዊድንኛ ውስጥ «ኤተር» የእባብ መርዝ ነው። ጀርመንኛ ውስጥ ያው ቃል «አይተር» ሆኖ ከቁስል ለሚወጣ መግል ቀርቷል። «ጊፍት» ቦታውን ወስዶበታል።

አሁን እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወዳት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። የጻፋት ፓራሴልሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1493 አይንዚደልን በምትባል የስዊስ ከተማ የተወለደ ሐኪም ነበር። ሜርኩሪንና ሌሎች ማዕድናትን ለሕክምና ይጠቀም ስለነበር፣ ሌሎቹ ሐኪሞች «ሕመምተኞቹን መርዝ ይሰጣል» እያሉ ይከሱት ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1538 መልስ ጻፈላቸው። በላቲን አልጻፈም፤ ሰው ሁሉ በሚሰማው ጀርመንኛ ነው። እንዲህ ይላል፦ ሁሉም ነገር ጊፍት ነው፣ ጊፍት የሌለበት ነገር የለም፤ አንድ ነገር ጊፍት እንዳይሆን የሚያደርገው ዶሲስ ብቻ ነው።

ይህ አባባል እስከ ዛሬ የመርዝ ሳይንስ መሠረት ተደርጎ ይጠቀሳል። ጨው ልኩ ሲሆን ወጥ ያጣፍጣል፣ ከልክ ሲያልፍ ይገድላል። ቃላቱን ግን እዩአቸው። «ጊፍት» መስጠት ነበር። «ዶሲስ» መስጠት ነው። አንዱ የጀርመን፣ ሌላው የግሪክ ልብስ የለበሰ ያው ቃል ነው። ሁለቱ መንታዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኝተው፣ አንዱ መርዝ አንዱ ልክ ሆነው ይሟገታሉ። ፓራሴልሰስ አስቦበት ይሁን አይሁን፣ ይህንን ካወቅሁ በኋላ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ድሮዬ ማንበብ አልቻልኩም።

የአይጥ መድኃኒት

ወደ ጥቁሩ ሳጥን እንመለስ። ጀርመኖች ውስጡ ያለውን «ራተንጊፍት» ይሉታል፤ የአይጥ መርዝ። እኛ ሰፈር ሱቅ ስንሄድ ግን ምን ብለን ነው የምንጠይቀው? «የአይጥ መድኃኒት አለ?» ነው የምንለው። የበረሮ መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት። መድኃኒት «ዳነ» ከሚለው ግሥ የመጣ ቃል ነው። አይጧ ግን አትድንበትም። የሚድነው ቤቱ ነው፣ እህሉ ነው። ቃሉን ከልጅነታችን ስለምንሰማው ተቃርኖው አይታየንም። ባለሱቁም አይስቅም፣ ዕቃውን አንሥቶ ይሰጠናል።

የግሪኮች «ፋርማኮን» እንዲሁ ነበር። ፋርማሲ የምንለው ከእሱ ነው። ጥንት ሁለቱንም ይይዝ ነበር፦ የሚያድነውንም የሚገድለውንም። የዛሬ ግሪኮች ቃሉን ከሁለት ከፍለውታል። «ፋርማኮ» መድኃኒት ነው፤ «ፋርማኪ» መርዝ ነው። ልዩነቱ የመጨረሻዋ ድምፅና ቃሉ የሚጠብቅበት ቦታ ብቻ ነው።

ሮማውያን ጋ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። «ቬኔኑም» የሚሉት ቃል ነበራቸው። የዛሬው የጣልያንና የስፔን መርዝ ስሞች ከሱ የመጡ ናቸው። ሥሩ ከፍቅር አምላካቸው ከቬኑስ ስም ጋር ዘመድ ነው። መጀመሪያ ላይ ቃሉ እኛ መስተፋቅር የምንለውን ነበር የሚጠራው፤ ሰው እንዲወድ ተብሎ የሚጠጣ ነገር። እየቆየ ለማንኛውም የተቀመመ ነገር ሆነ። ታዲያ ሕጉ በቬኔኑም ሰው የገደለን ይቀጣል። ሐኪሙስ? እሱም ቬኔኑም ይሰጣል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሕግ ሊቅ ጋይዩስ አንድ ደንብ አኖረ፦ «ቬኔኑም» የሚል ሰው መጥፎውን ይሁን ጥሩውን ጨምሮ መናገር አለበት፤ መድኃኒቶችም ቬኔኑም ናቸውና። ይህቺ ቃሉ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያን እ.ኤ.አ. በ533 ባስወጣው የሕግ ስብስብ ውስጥ ተቀምጣ ደርሳናለች። የእኛም ሰው «መድኃኒት አጠጣችው» ሲባል ደግ ይሁን ክፉ የሚለየው ከድምፁ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ጥንድ አለ፤ ሳላነሣው ማለፍ አልፈልግም። ጀርመኖች «ጊፍት»ን ለመርዝ ካዋሉት በኋላ ስጦታን በምን ጠሩት? «ገሼንክ» አሉት። «ሼንከን» ከሚለው ግሥ ነው። ይህ ግሥ ዛሬ ስጦታ ሰጠ ማለት ነው። መጀመሪያ ግን መጠጥ ቀዳ ማለት ነበር። የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ «ሙንድሼንክ» ይባል ነበር። ለእንግዳ መቅዳት ከመስጠት ሁሉ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ መቅዳት መስጠት ሆነ። ሆላንዶች ዛሬም ግሡን ለሁለቱም ይጠቀሙበታል፤ ቡና ሲቀዱም፣ መጽሐፍ ሲያበረክቱም።

ፈረንሳዮች ጋ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ላቲን «ፖቲዮ» ሲል መጠጣት፣ የሚጠጣ ነገር ማለቱ ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲገባ መጀመሪያ መጠጥ፣ ቀጥሎ የሚጠጣ መድኃኒት፣ መጨረሻ ላይ «ፑዋዞን»፣ መርዝ ሆነ። እንግሊዞች ከፈረንሳይ ተቀብለው «ፖይዝን» አሉት። ስለዚህ እንግሊዝ ሀገር መጠጡ መርዝ ሆነ፣ ጀርመን ሀገር መቅዳቱ ስጦታ ሆነ። ስጦታው ደግሞ እንግሊዝ ጋ ስጦታ ሆኖ ቀረ፣ ጀርመን ጋ መርዝ ሆነ። ቃላቱ ቦታ የተቀያየሩ ያህል ነው። በእኛም ቤተ መንግሥትና ባላባት ቤት ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። መጠጥ ክብርም ሥጋትም ሆኖ በአንድ ብርሌ ይቀርብ ነበርና።

ፈረንሳይኛ ለሚማር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ዓሣ «ፑዋሶን» ነው። በጽሑፍ ከመርዙ የሚለየው በአንድ «ኤስ» ብቻ ነው። ይሄኛው እውነተኛ አጋጣሚ ነው። ዓሣው ከሌላ የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ከመርዙ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ዝምድናን ከመልክ ብቻ መገመት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ቃሉ በመርከብ ሲሄድ

ስዊድን ውስጥ ግን አንድ ያልመለስነው ጥያቄ አለ። እዚያ «ጊፍት» ያገባ ብቻ አይደለም። መርዝም ነው። ሁለቱም በአንድ ፊደል፣ በአንድ ድምፅ። ዴንማርክና ኖርዌይም እንዲሁ። በነገሩ ብዙ ይቀልዱበታል። ያገባው የራሳቸው ነው፣ ከአያቶቻቸው የወረሱት። መርዙ ግን ከውጭ የመጣ ነው። ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የባልቲክን ንግድ የያዙት ሀንዛ የሚባሉት የጀርመን ከተሞች ነበሩ፤ ዋናዋም ሉቤክ። ነጋዴዎቻቸው ቪስቢም ስቶክሆልምም በርገንም ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ጨው፣ ጨርቅ፣ ቢራ ሲያራግፉ ቃልም አብሮ ወረደ። ስዊድንኛ ከእነሱ የወሰደው ቃል እጅግ ብዙ ነው። መርዙ «ጊፍት» በዚያ በር ገባና ከባለቤቱ «ጊፍት» ጎን ተቀመጠ። ስለዚህ አንድ ቃል በሁለት መንገድ ሄዶ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ እዚያው ቤት ተገናኘ።

ሆላንዶች ችግሩን በሚገባ ፈቱት። ስጦታውን «ኺፍት» አሉት፤ መርዙን ደግሞ «ት»ን ቆርጠው «ኺፍ» አሉት። ለበጎ አድራጎት የሰጡትን ገንዘብ በዓመታዊ የግብር ማስታወቂያቸው ላይ የሚያሰፍሩት በዚያው በስጦታው ስም ነው። ግን «መርዛም» ሲሉ «ኺፍተኽ» ይላሉ። የተቆረጠችው «ት» እዚያ ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

እንግሊዝኛው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የጥንት እንግሊዞች ቃሉን እንደ ዛሬው በ«ጊ» አይጠሩትም ነበር። «ዪፍት» ነበር የሚሉት። ግሡንም «ዪቭ» ይሉ ነበር። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቫይኪንጎች መጥተው ሰሜንና ምሥራቅ እንግሊዝ ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ876 ዮርክ አካባቢ መሬት ተከፋፍለው ማረስ ጀመሩ። ከአገሬው ጋር ተጋቡ፣ ተጎራበቱ። ጠንካራዋ «ጊ» የእነሱ ናት። ሁለቱ አነጋገሮች ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖሩ።

ይህ ምን ያህል ያደናግር እንደነበር ዊልያም ካክስተን ጽፎታል። ማተሚያን ወደ እንግሊዝ ያስገባው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1490 ያሰፈረው ታሪክ ስለ እንቁላል ነው። ነጋዴዎች በቴምዝ ወንዝ ሲሄዱ ነፋስ አጡና ወደ ባሕር መውጣት አቃታቸው። የሚበላ ፍለጋ ወደ ዳር ወረዱ። አንደኛው አንድ ቤት ገብቶ የቤቱን እመቤት «ኤግስ» ስጪኝ አላት። በሰሜኖቹ አነጋገር ነው። ሴትዮዋ «እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም» አለችው። ሰውየው ተናደደ፤ ፈረንሳይኛ እሱም አይችልም። ሌላው ጓደኛው «አይረን» ሲላት ወዲያው ገባት። እንቁላል በእንግሊዝኛ ዛሬ «ኤግ» ነው። የነጋዴው አሸነፈ፤ እንደ «ጊፍት» ሁሉ ያቺም «ጊ» የቫይኪንጎቹ ናት።

ከዚያ በኋላ ስዊድኖች ራሳቸው አነጋገራቸውን አለሰለሱ። ዛሬ በጽሑፍ «ጊፍት» የሆነውን በአፋቸው «ዪፍት» ይሉታል፤ ልክ የጥንት እንግሊዞች ይሉት እንደነበረው። እንግሊዞቹ ደግሞ የቫይኪንጎቹን ድምፅ ይዘው ቀሩ።

ወደ ምዕራብ፣ አይስላንድ ከሄድን፣ ቃሉ ብዙም አልተነካም። የሀንዛው መርዝ እዚያ ሥር አልሰደደም። ሠርግ «ጊፍቲንግ» ነው። «ጊፍታ» ማለት ማጋባት ነው፤ ስም ሲሆን ደግሞ መልካም ዕድል ነው፣ ለሰው የተሰጠው። ለመርዝ አሁንም «ኤይቱር» ይላሉ።